ላሚቱ ያለችበት ፊልም

እኔ በተፈጥሮዬ ቶሎ የምደነቅ ሰው ነኝ። ሰው በጥርሱ ጠርሙስ ሲከፍት እደነቃለሁ። የባጃጅ ሾፌር በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላ እጁ የፍየል ቀንድ ይዞ ሲነዳ እደነቃለሁ። አለቃችን አንድ ሰዓት ሙሉ ንግግር አድርጎ ምንም ነገር ሳይናገር ሲጨርስማ ሰንብቼም ከአድናቆቴ አልወጣም። እናቴ ይሄን ጠባዬን ገና በልጅነቴ አይታ፣ "ይሄ ልጅ አንድ ቀን ተገርሞ ይቀራል" ትል ነበር። አልቀረሁም፤ ተቀጥሬ ጅግጅጋ ደረስኩ።

ጅግጅጋ ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው አትመከርም። ሜዳው አያልቅ፣ ሰማዩ አያልቅ፣ ነፋሱ አያልቅ። መጀመሪያ ሰሞን ግመሎች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ቆሜ ሳይ የቢሮ መግቢያ ሰዓት ያልፍብኝ ነበር። ግመል ሲሻገር አይታችኋል? መኪናው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከመኪኖቹ በፊት እዚህ እንደነበረ እያስታወሰ ነው የሚሻገረው። በዚህ ሁኔታ ከሥራ ሳልባረር የቆየሁት በማሃድ ምክንያት ነው።

ማሃድ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ጅግጅጋ ተወልዶ ጅግጅጋ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የማያንስ፣ ከአንጀቱ ሲስቅ ድምፁ የማይሰማ፣ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ የሒሳብ ባለሙያ ነው። ገና እንደመጣሁ ከሆቴል አውጥቶ አክስቱ ኢዶ ሐሊሞ ግቢ ውስጥ ያስገባኝ እሱ ነው። "ኢዶ" በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው። እሱ "ኢዶ" ይላቸዋል፣ እኔም "ኢዶ" እላቸዋለሁ፣ የግቢው ድመቶችም ቢናገሩ እንደዚያው የሚሏቸው ይመስለኛል። ነፋስ ሲነሳ ፊት ወዴት እንደሚዞር፣ ገበያ ውስጥ ሰላምታ ሳያልቅ ዋጋ እንደማይጠየቅ፣ ሩዝ በሙዝ እንዴት እንደሚበላ ያስተማረኝ ማሃድ ነው። ሩዝ በሙዝ! እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን እያለ እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ ሙዝን ለብቻው የበላሁት አሁንም ይቆጨኛል።

ዛሬ የማወራችሁ ይሄንን ማሃድን በአንድ የህንድ ፊልም ምክንያት ላጣው ስለደረስኩበት ጊዜ ነው።

ነገሩ የመጣው ከቅዳሜ ማኅበራችን ነው። ማኅበር ስላችሁ ዳቦና ጠላ እንዳትጠብቁ። የእኛ ማኅበር የሚዘክረው ፊልምና ሙዚቃን ነው። አባላቱ ለሥራ ከሌላ ቦታ የመጣን ነን። ከእኔ ሌላ ዳዊትና ሠናይት አሉ።

ዳዊት የውሃ መሐንዲስ ነው። ስለ ውሃ ሲያወራ ግን ሰምቼው አላውቅም፤ ፊልም ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ካልሆነ በቀር። ያኔ ጣቱን ያነሳና "ይሄ ዝናብ፣ ዝናብ አይደለም" ይለናል። ዳዊት በሚያሳየን ፊልሞች ውስጥ ራሱን የሆነ ነገር የለም። በሩ በር አይደለም፣ ፈረሱም ፈረስ አይደለም። አንዴ አንድ ሽማግሌ የጫማውን ክር ሲያስር አየን። አሰረ፣ ፈታ፣ መልሶ አሰረ። መብራት ሄደ። መብራት መጣ። ሽማግሌው እያሰረ ነው። ሲያልቅ ዳዊት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገና "ገባችሁ?" አለን። ሠናይት "በጣም" አለች። እኔም "በጣም" አልኩ። እውነትም ተደንቄ ነበር፤ የተደነቅሁት ግን ሰው ለጫማ ክር ማልቀስ መቻሉ ነው።

ሠናይት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። በእሷ እምነት ሙዚቃ የሞተው እሷ ከመወለዷ በፊት ስለሆነ ዕድሜዋን ሙሉ ሐዘን ላይ ናት። የካሴት መንሿሿት ከኋላው ካልተሰማ ዘፈን አይጥማትም። ስልኳ ላይ የጫነቻቸው ሁሉ ግማሹ ዘፈን፣ ግማሹ "ሽሽሽ" ነው፤ ዓይኗን ጨፍና የምታዳምጠው "ሽሽሽ"ውን ይመስለኛል። አንድ ቀን አብረን ባጃጅ ተሳፍረን ሾፌሩ ሞቅ ያለ የሶማሊ ዘፈን ከፈተ። ሳላውቀው እግሬ መምታት ጀመረ። ሠናይት እግሬን አየችው። ደግማ አየችው። እግሬ ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ባለችበት ተንቀሳቅሶ አያውቅም።

እዚህ ማኅበር ውስጥ የእኔ ጉድለት ሁሉንም መውደዴ ነው። "አንተ ምን ትወዳለህ?" ሲሉኝ "ይሄንንም ያንንም" እላለሁ፤ እነሱ ዘንድ ደግሞ የዐዋቂ ምልክቱ አለመውደድ ነው። እነሱ ስንቱን ነገር እንደማይወዱ ብታውቁ! አንድ ሰው ያን ያህል ነገር ላለመውደድ መጀመሪያ ስንቱን ማየት፣ ስንቱን መስማት እንዳለበት አስባለሁና እደነቃለሁ። በዚያ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻውን የሚውል ላጤ ሰው ግድግዳ ማናገር ነው የሚጀምረው።

እናም አንድ ቅዳሜ ማሃድን ይዤው ሄድኩ። የምወዳቸው ሰዎች ሲገናኙ የባሰ የሚወደድ ነገር ይወጣል ብዬ ነው። በሩዝና በሙዝ ያየሁት ነገር አሳስቶኝ ይሆናል።

ዳዊት ቤት ተቀምጠን ትኩስ ሳምቡሳ ቀረበ። ዳዊት እንደ ፈታኝ እግሩን አነባብሮ፣ "እስቲ፣ ከፊልም ማንን ትወዳለህ?" ሲል ማሃድን ጠየቀው።

"ላሚቱ ያለችበትን" አለ ማሃድ ሳያቅማማ።

"የማን ሥራ ነው?"

"የህንድ ነው። በሶማልኛ የተተረጎመው። አንድ ሰውዬ ነው የሁሉንም ድምፅ የሚሠራው። የወንዱንም፣ የሴቷንም፣ የሕፃኑንም። የላሚቱንም።"

"የላሚቱንም?"

"ላሚቱ ብዙ አትናገርም" አለ ማሃድ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "ስትናገር ግን..."

ዳዊት ሳቀ። መጀመሪያ ተቀምጦ ሳቀ፣ ከዚያ ተነስቶ ሳቀ፣ በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። "ላሚቱ!" ይልና እንደገና ይጀምራል። "ፊልም በራሱ ድምፅ ነው የሚታየው፣ የኔ ወንድም! በሰው ጉሮሮ የተተረከማ ተረት ተረት ነው!" ሠናይት በአፍንጫዋ ሳቀች። እኔ አፌ ሙሉ ሳምቡሳ ነበር። አፉ ውስጥ ትኩስ ሳምቡሳ ያለ ሰው እንኳን ጓደኛውን ራሱንም መከላከል አይችልም፤ እንባዬ መጣ፣ ማሃድ ግን እኔም በሳቅ ያነባሁ ሳይመስለው አልቀረም። እሱም "ኪ ኪ" ብሎ ሳቀ። ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ የዚያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰማሁት፤ ትከሻው አልተነቃነቀም።

ከዚያ ወዲያ ማሃድ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ በዛበት። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ጨዋ ሆነብኝ። የጓደኛ ጨዋነት ምን ያህል እንደሚያስፈራ የደረሰበት ያውቀዋል። "ይቅርታ፣ ስቴፕለሩን ላስቸግርህ?" ይለኛል። ላስቸግርህ! በፊት ከእጄ ነጥቆኝ ነበር የሚሄደው፤ አንዳንዴ ከነወረቀቴ። "እንዴት ነህ?" ስለው "አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ ደህና ነህ?" ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ይዞራል። ልቤ ወረደ። ጅግጅጋን የማያት በእሱ ዓይን ነበር፤ እሱ ፊቱን ካዞረ ዛሬ እንደመጣ እንግዳ መንገድ ላይ መቅረቴ ነው።

ይቅርታ መጠየቅ የሰነፍ ሰው መፍትሔ መስሎ ታየኝ። ፊልሙን ማሳየት አለብኝ አልኩ። ዳዊት ራሱ ቁጭ ብሎ፣ ማሃድ ባለበት፣ ላሚቱን በአክብሮት ያያል። እንዴት እንደሚያይ ግን ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ ተረኛ አሳይ የምሆንበት ቅዳሜ ሲቃረብ ለማኅበሩ እንዲህ አልኩ፦

"አንድ ፊልም አግኝቻለሁ። የሠራው ሰው ስሙን መናገር አይፈልግም። ለገጸ ባሕርያቱ በሙሉ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚናገርላቸው።"

"አንድ ድምፅ?" አለ ዳዊት፣ ወደ ፊት ተስቦ።

"አንድ።"

"የሴቶቹንም?"

"የሁሉንም" አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "ሰው ሁሉ አንድ ነው ለማለት ይመስለኛል።"

ልብ በሉልኝ፤ ማሃድ የነገረውን ያንኑ ነገር ነው የነገርኩት። ልዩነቱ እኔ ቀስ ብዬ መናገሬና የላሚቱን ነገር መዝለሌ ብቻ ነው። ዳዊት ግን ዓይኑን ጨፈነ። "አውቀዋለሁ" አለ። "አይቼዋለሁ እንዲያውም። የቀድሞ ሥራው ይሻላል።" ስሙ የማይታወቅ ሰው የቀድሞ ሥራ! ሠናይት በበኩሏ "የሙዚቃ አጠቃቀሙ የተቆጠበ ነው" አለች። በሁለቱም ከልቤ ተደነቅሁ። እኔ ያላየሁትን ነገር አየሁ ስል ጆሮዬ ይቀላል።

አሁን የቀረው ፊልሙን ማግኘት ነው። ጅግጅጋ ውስጥ ፊልም የሚጭኑ ሱቆችን ዞርኩ፤ ሁሉም "ቶጎጫሌ" አሉኝ። አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ በሚኒባስ ወደ ድንበሩ ወረድኩ። ቶጎጫሌ ስደርስ የመጣሁበትን ረሳሁት። መኪናው፣ ብርድ ልብሱ፣ ሽቶው፣ ማካሮኒው፣ ድንበር ማዶ ካለው ሰው ጋር በጩኸት የሚነጋገረው ነጋዴ... አገር የሚያልቅበትን ቦታ አይቼ አላውቅም ነበር። የሚያልቅም አይመስልም፤ አንዱ ፍየል ወዲያ ሄዶ ሳር ነጭቶ ተመለሰ።

ጢሙን ሂና የተቀባ ሰውዬ ማካሮኒና ፊልም የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ሶማልኛዬ ሰላምታ ላይ ይጀምርና ሰላምታ ላይ ያልቃል። "ፊልም" አልኩት። በግድግዳው ሙሉ የተደረደረውን አሳየኝ። "ህንድ" አልኩት። ከተደረደረው ግማሹን አሳየኝ። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ ግራ ቀኝ አየሁና "እምቧ!" አልኩ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ ዞረ። ሰውዬው ግን አልሳቀም። ፊቱ ሐዘን ለበሰ፣ ጢሙን ዳበሰ፣ ከመሳቢያው ፍላሽ አወጣና በአማርኛ "ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት" አለኝ።

ስመለስ ኬላ ላይ ፈታሾች ሚኒባሱን አስቆሙት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ስንት ቀሚስ ደራርበው እንደለበሱ ፈጣሪ ይወቅ፤ ግን ዘና ብለው ተቀምጠዋል። የምንቀጠቀጠው እኔ ነኝ፣ አንድ ፍላሽ ይዤ።

"አንተ! ምን ይዘሃል?" አለኝ ፈታሹ።

"ፊልም።"

"ምን ዓይነት ፊልም?"

"ጥበባዊ..."

"ውረድ" አለኝ። ለካ "ጥበባዊ" የሚለው ቃል ኬላ ላይ ያስጠረጥራል። ዳር ወስዶ "ስሙን ተናገር" ሲለኝ አማራጭ አጣሁና በጆሮው "ላሚቱ ያለችበት ነው" አልኩት። ፈታሹ ቀና ብሎ አየኝ።

"በሶማልኛው?"

"በሶማልኛው።"

"ሽንሌ ስሠራ ነው ያየሁት" አለ፣ ወደ ሜዳው እያየ። "ጎርፉ ላይ ስትደርስ ብቻህን አትሁን። በል ግባ።"

ሚኒባሱ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ እስከ ጅግጅጋ ድረስ ስለ ላሚቱ ሲያወራ መጣ። ቀሚስ የደረቡት ሴትዮ አንዱን ዘፈን አዜሙልን። እኔም እግሬን መታሁ፤ ሠናይት አልነበረችም።

ማሃድ ግን እንቢ አለኝ። "ዋላል፣ አንዴ ተስቆብኛል፤ አይበቃኝም?" አለ፣ እንደዚያው በጨዋ ድምፅ። ዋላል ወንድሜ ማለት ነው፤ ሲለኝ ግን ለማያውቀው ሰው እንደሚባለው ነው ያለኝ። ለኢዶ ሐሊሞ ነገርኳቸው። "ላሚቱ? እዚህ? በእኔ ግቢ?" አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ማሃድ ይመጣል።" ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ።

ቅዳሜ ከሰዓት የክፍሌን መስኮት በብርድ ልብስ ጋረድኩ፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቀልኩ፣ የዳዊትን ፕሮጀክተር ሰካሁ። ኢዶ ሐሊሞ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ምንጣፍ ላይ ተደላደሉ። ማሃድ በር ላይ ቆመ፤ ለመውጣት በሚመች በኩል። ዳዊት ተነስቶ መግቢያ ንግግር አደረገ። "የምታዩት ነገር ቀላል አይደለም። ካልገባችሁ አትፈሩ" አላቸው ለኢዶ ሐሊሞ።

ፊልሙ ተጀመረ፤ አንዲት ልጅ ዛፍ እየዞረች ትዘፍናለች። ከኋላዋ መንደሩ በሙሉ ይጨፍራል። ዘፈን እንዳለበት ረስቼው ነበር! ዳዊትን በጎን አየሁት። ቅንድቡ ተነሳ፣ ወረደ፣ ተነሳ። ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀና "ማላገጥ ነው" አለ። "በህንድ ፊልም ላይ እያላገጠ ነው።" ሠናይትም "ዜማውን ሆን ብሎ ነው ያበላሸው" ብላ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ተርጓሚው ሰውዬ ልጅቷን ሆኖ በቀጭኑ፣ አባቷን ሆኖ በወፍራሙ ሲናገር ዳዊት "ሰማችሁ? አንድ ድምፅ!" እያለ ጭኑን ይመታል።

ከዚያ ላሚቱ ገባች።

ነጭ ናት፤ አንገቷ ላይ ቃጭል አለ። ዳዊት ጭኑን መምታቱን አቆመ። ላሚቱን አየ። ዞሮ በር ላይ የቆመውን ማሃድን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። "ይሄ..." ብሎ ሊነሳ ሲል ጎርፉ መጣ። ስለ ጎርፉ ብዙ አልነግራችሁም። እናትየዋ ዓይነ ስውር ናት። ሁለት ልጆቿን ውሃው ወሰዳቸው፤ ትንሹን ላሚቱ በጭራዋ ጎትታ አወጣችው፣ ትልቁ እየራቀ ሄደ። ተርጓሚው እናትየዋን ሆኖ ሲጣራ ቋንቋውን የማናውቀው ሁሉ ገባን። የዳዊት "ይሄ..." አፉ ውስጥ ቀረ። ክፍል አንድ አለቀ።

ክፍል ሁለትን ከፈትኩ። ምስል አለ፣ ድምፅ የለም። ስፒከሩን ነካካሁ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ፍላሹን አራገፍኩ። ምንም የለም። ያ ጢመ ሂና ክፍል ሁለትን የሸጠልኝ ለዓይን ብቻ ነው።

ዳዊት ግን ነፍስ ዘራ። "ድምፁን ነጠቀን!" አለ። "ከጎርፉ በኋላ ምን ድምፅ አለ? ዝም ብላችሁ እዩ።" ሠናይትም "ቅድም ከነበረው ዜማ ይሄ ይበልጣል" አለች። ሁለቱ አፋቸውን ይዘው የተበላሸ ፍላሽ በአክብሮት ሲያዩ፣ አያችሁ፣ እውነቱን ልናገር ብዬ አፌን ከፍቼ በአድናቆት መልሼ ዘጋሁት። ዝም ብሎ ያላየው ኢዶ ሐሊሞ ብቻ ናቸው።

"ድምፁ የታለ?" አሉ።

"ኢዶ፣ ዝምታው ራሱ ነው የሚናገረው" አላቸው ዳዊት።

"እኔ አልሰማሁትም" አሉ ኢዶ ሐሊሞ።

ጎረቤቶቻቸው አጉረመረሙ። "ተበላሽቷል" አልኩ በመጨረሻ፣ በደከመ ድምፅ። ዳዊት ቀዝቃዛ ፈገግታ ፈገግ አለና "በቃ፣ የህንድ ፊልም ነው አይደል..." ብሎ ገመድ ሊነቅል ጎንበስ አለ። ማሃድ አንድ እግሩን ከበሩ አወጣ። ያ እግር ከወጣ ማሃድ ከእኔ ጋር ያለው ነገር እንዳበቃ አወቅሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሊሳቅበት፣ እሱም በገዛ አክስቱ ግቢ፣ በእኔ ጥሪ!

"ማሃድ!" አሉ ኢዶ ሐሊሞ ሳይዞሩ። "ንገረን።"

"ኢዶ፣ እኔ እኮ..."

"ንገረን አልኩህ። ልጁ ሊመጣ ነው።"

ማሃድ ወደ ግድግዳው ዞረ። አንድ ጎልማሳ የፖሊስ ልብስ ለብሶ አቧራማ መንገድ ላይ ይሄዳል። ማሃድ ጉሮሮውን ጠረገና በሶማልኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ወፍራም፣ የደከመ ድምፅ፣ የእሱ ያልሆነ። ሴቶቹ ዝም አሉ። ቀጠለ። ትንሽ እንደሄደ ከወደ ጨለማው የሠናይት ድምፅ መጣ፦

"እኛስ? ምን አለ?"

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት አድርጌ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ማሃድ አንዱን በሶማልኛ፣ መልሶ በአማርኛ ይለዋል። ፖሊሱን ይሆናል፣ መሬቱን ሊነጥቅ የመጣውን ሀብታም ይሆናል፣ ቤት የቀረውን ትንሹን ወንድም ይሆናል። እናትየዋን ሲሆን ድምፁን አያቀጥንም፤ ዝቅ ብቻ ያደርገዋል፣ ሌላ ክፍል ውስጥ የተኛ ሕፃን እንዳለ ሁሉ። ያ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ሲያስታርቅ የማውቀው ሰው ነው? ያ ስቴፕለር ላስቸግርህ የሚለኝ? የት ነበሩ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ውስጡ ሲኖሩ? በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቼ ተደንቄያለሁ፤ ያን ቀን ግን መደነቅ ማለት እስከዚያ የማውቀው እንዳልሆነ ገባኝ። ፈራሁትም፣ ኮራሁበትም። ኢዶ ሐሊሞ መሀል ላይ አንዴ "እንዴ!" ብለው ማሃድን አዩትና፣ መልሰው ዝም አሉ።

ፖሊሱ ዓይነ ስውሯን ሴትዮ ከመሬቷ ሊያስነሳ ወረቀት ይዞ በሯ ላይ ቆመ። እናቱ እንደሆነች አያውቅም። ጥግ ላይ የተኛችው ያረጀች ላም አንገቷን ቀና አደረገች። በሩ ላይ ያለውን ሰው አየችው። ተነሳች። አሁን ማሃድ "እምቧ" ይላል፣ ዳዊትም ይፈነዳል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ማሃድ "እምቧ" አላለም። በአፍንጫው አንድ ረጅም አየር ብቻ አወጣ፤ ከብት ጌታውን ሲያሸት የሚያወጣው ዓይነት። ማንም አልሳቀም። አጠገቤ ሠናይት እያለቀሰች አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።

እናትየዋ እጇን ዘርግታ የፖሊሱን ፊት መዳበስ ጀመረች። ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ጉንጩ ላይ ያለችውን ጠባሳ። አፏን ከፈተች። በዚች ሰዓት፣ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ስፒከሩ ተንሿሿና የፊልሙ ድምፅ በሙሉ ኃይሉ ተመለሰ።

"አጥፋው!" አለ አንድ ሰው። ዳዊት ነው። ሻይ ብርጭቆ ረግጦ፣ አንዷን ጎረቤት ዘሎ ስፒከሩ ላይ ተወረወረበትና ገመዱን ከነሶኬቱ ነቀለው። ገመዱን በእጁ እንደያዘ ጨለማው ውስጥ ቆመ።

"ቀጥል" አለው ማሃድን። ድምፁ እንደ ትንሽ ልጅ ነበር። "ምን አለችው?"

እናትየዋ እጇን ከልጇ ፊት ላይ አላነሳችም።

"በልተሃል?" አለ ማሃድ፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ፖሊሱ ተንበረከከ።

"አልበላሁም፣ እማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልበላሁም።"

ዳዊት ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ፤ እየተንሰቀሰቀ፣ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ሳያስረዳ። ኢዶ ሐሊሞ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉና ለዳዊት የራሳቸውን ሻይ ሰጡት። በኋላ ዳዊት ወደ ማሃድ ሄዶ እጁን በሁለት እጁ ያዘው። "በቃልህ..." አለው። "ሁሉንም በቃልህ ይዘኸው!" ሌላ የሚለው አጣ፤ ዳዊት የሚለው ሲያጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማሃድ ፈገግ ብሎ "እንግዲህ" አለ።

ጀምበር ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ማሃድ ወደ መስጊድ ሊሄድ ተነሳ። ተከትዬው ወጣሁ። ነፋሱ ጋብ ብሎ ነበር። ጥቂት ከሄድን በኋላ እጄን ያዘኝ፤ ክንዴን ሳይሆን እጄን፣ እንደ ድሮው።

"ለዳዊት አትነግርብኝም አይደል?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ሁለተኛውን ክፍል አይቼው አላውቅም።"

ቆምኩ። እሱ እየጎተተኝ መሄዱን ቀጠለ።

"ልጅ ሆኜ ፊልም ቤት ስገባ አባቴ መግሪብ ሲደርስ መጥቶ በጆሮዬ ይዞ ነበር የሚያወጣኝ። ሁሌ ጎርፉ ሲያልቅ። የቀረውን ማንንም አልጠየቅሁም። ማታ ማታ ፍራሼ ላይ ሆኜ ራሴ እጨርሰው ነበር። አንዳንድ ቀን ልጁ ነጋዴ ሆኖ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ሾፌር። ዛሬ ፖሊስ ሆኖ ሲመጣ ትንሽ ተቸገርኩ።"

"ካደግህ በኋላስ? ለምን አላየኸውም?"

"ፈራኋ። የእኔን ቢያበላሽብኝስ?" አለ። "ያ ድምፅ የተመለሰ ጊዜ ልቤ ቆሞ ነበር። አሁን እውነተኛውን ልሰማ ነው ብዬ። አላህ ይስጠው ዳዊትን።"

መስጊዱ በር ላይ ደረስን። የምጠይቀው ብዙ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን አንድ ብቻ ነው።

"'በልተሃል?' የሚለውንስ ከየት አመጣኸው?"

"እሱማ የእናቴ ነው" አለ። "አባቴ ጆሮዬን ይዞ ቤት ሲያስገባኝ መጀመሪያ የምትለኝ እሱን ነበር።"

ጫማውን አውልቆ ገባ። ሰግዶ እስኪወጣ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁት።